ሴቶቹን ቡችሎች ማን ይወስዳቸዋል?
ሰላም ወንድሜ። «ለገጣፎ ነው የምኖረው፤ የ11 ወር ጀርመን ሼፐርድ አለችኝ፣ ወንድ መፈለግ ጀምራለች። አስወልጄ ቡችሎቹን ብሸጥ ያዋጣል ወይ?» ብለሃል። እኔ ሱሉልታ ሆኜ ሦስት ጊዜ ስላስወለድኩ ያየሁትን ልንገርህ።

አሁን አታገናኛት፣ ገና ራሷም ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ይሙላት። ይሄ ዘር የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይወርሳል፤ እሷንም ወንዱንም ራጅ አስነስተህ ሐኪም ይያቸው።

እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው፣ እሱ ቀላሉ ነው። ጣጣው ከወለደች በኋላ ነው። ቡችሎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰውነታቸውን ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም። የእኔ የመጀመሪያዎቹ የተወለዱት ነሐሴ ላይ ነበር፤ የሱሉልታን ነሐሴ ታውቀዋለህ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ፣ በአሮጌ ነጠላ እየጠቀለልኩ አጠገባቸው አስቀምጥ ነበር። ጠዋትና ማታ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝናቸዋለሁ፤ በ10 ቀን ገደማ ክብደታቸው እጥፍ መሆን አለበት። ትንሿ አልጨምር ስላለች አንገቷ ላይ ቀይ ክር አሰርኩባትና በየሁለት ሰዓቱ ሌሎቹን ገፋ አድርጌ ለብቻዋ ጡት አስይዛት ነበር። ተረፈች። እናትየው እያጠባች ከተንቀጠቀጠች ደግሞ ካልሲየም አንሷት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ጥራ፤ እስኪነጋ አትጠብቅ።

በአራተኛው ሳምንት ምግብ ይጀምራሉ። ሁለተኛው ዙር ሁዳዴ ላይ ዋለብኝ፤ ሉካንዳው ዝግ፣ ትራፊ የለ። እንቁላል በአጃ እየቀቀልኩ ሳበላ ጎረቤቶቼ «እኛ እየጾምን ውሻ ይፈስካል!» ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ ከማገናኘትህ በፊት ቀኑን አስላ። የትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንታቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ነው። የፓርቮ (ቡችላ የሚገድል የተቅማጥ በሽታ) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል፤ የእብድ ውሻ ክትባቱ በሦስት ወራቸው ነው። ይህን ሁሉ ደምረህ ያዋጣል ካልክ፣ እኔን አላዋጣኝም።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰውዬ «ለልጆቼ ነው» ብሎ ሲለምነኝ በአምስት ሳምንታቸው ሁለት ሰጠሁት። ከወራት በኋላ ቤቱ ሄድኩ። አንደኛው ሞቷል። ሌላኛው ቆርቆሮ ስር በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ አንገቱ ቆስሎ፣ የውሃው ጣሳ አረንጓዴ አውጥቶ አገኘሁት። ብሩን መልሼ ይዤው መጣሁ፤ ይኸው አሁን ደጄ ላይ ተኝቷል። ከዚያ ወዲህ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው አልሰጥም፤ ግቢውንም ሳላይ አልሰጥም። «ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ ማን ያበላዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልስ ያጣ ሰው አይወስድም። ካልቻላችሁ ለእኔ መልሱልኝ ብዬም አስፈርማለሁ።

ሌላው፣ ሁሉም ለጥበቃ ወንድ ነው የሚፈልገው። በሦስተኛው ዙር ከሰባቱ አምስቱ ሴት ሆኑብኝ፤ ሁለቱ እስከ ሰባት ወራቸው እኔው ጋ ቀሩ። መንገድ ዳር በጆንያ ተጥለው የምታያቸው ቡችሎች አብዛኞቹ ሴት ናቸው። ሴት የሚወስዱ ሦስት አራት ሰዎችን ስም ቆጥረህ ካልያዝክ አትጀምረው።

ለጊዜው ለሦስት ሳምንት ያህል ከግቢ እንዳትወጣ ዝጋባት። አጥርህ ከስር ክፍተት ካለው ዛሬውኑ ድንጋይ ሙላበት፤ የሰፈር ውሻ የሚገባው በዚያ ነው።