ኅዳር ሲታጠን የተወለደ ልብ ወለድ

ውድ ልጆቼ፤

በተገናኘን ቁጥር «የልብ ወለድዎን ታሪክ ከየት ያመጡታል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በቃል የምሰጣችሁ መልስ ሁልጊዜ ስለሚያጥርብኝ ዛሬ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

በልጅነቴ አዲስ አበባ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በጭስ ትታፈን ነበር። እያንዳንዱ ቤት የግቢውን ጥራጊ ደጅ አውጥቶ ያነድዳል፤ እኛ ልጆች እሳቱን እየዞርን ደረቅ ቅጠል እንጨምራለን፤ ለምን እንደሚነድድ ግን አንጠይቅም። አንድ ዓመት አያቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ከእሳቱ ፈቀቅ ብላ ቆማ አየኋትና ጭሱ አስቸግሯት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሰው አልቆ ቀባሪ የጠፋበት ወር ነው» አለችኝና ዝም አለች።

ያን ንግግር ይዤ ወደ ታሪክ መጻሕፍት የሄድኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን እንደመታ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው እንዳለቀ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው እንደዳኑ አነበብኩ። ይህ ሁሉ ቁም ነገር ቢሆንም አንድ ገጽ እንኳ አላጻፈኝም። ያጻፈኝ፣ ቤተሰቧ ሁሉ የተኛባት አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እንስራዋን አዝላ ብቻዋን ስትወጣ ምን ትሰማለች የሚለው ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ሞት በጩኸት ይታወቃል፤ አልቃሹም ሲታመም ግን ለቅሶው ራሱ ይቀራል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በዚያ ዝምታ ጀመርኩት። ስለዚህ ቀኑንና አኃዙን በሚገባ አጥኑ፤ ከዚያ ግን በዚያ ቀን ውኃ ማን እንደቀዳ ጠይቁ።

ቦታውንም በእግራችሁ ሂዱበት። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ለመጻፍ ስነሳ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ እስከ መቅደላ፣ መንገድ እየተጠረገለት ወራት ፈጅቶ መጎተቱን አንብቤ ነበር። ሆኖም የበሽሎን ወንዝ ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለ ክብደት የሚጎተተው ወደ ኋላ ነው፤ ገመዱን የያዘው ሰው ተረከዙን መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ መድፉ የፊተኞቹን እንዳይጨፈልቅ ይታገላል። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ቁጣና ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ስለሆነው ፍጻሜ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የፈለግሁት ያ ገመድ ያዥ ማታ መዳፉን እንዴት እንደሚያክም ነበር፤ ቁልቁለቱን ባልወርድ ኖሮ ግን ሰውየውን አላገኘውም ነበር።

በዚያው ረቂቅ የደብረ ታቦርን ኮረብታ በባሕር ዛፍ ሸፍኜው ነበር። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሆኑን አንድ አዛውንት የደን ባለሙያ ሲነግሩኝ በጣም አፈርኩ፤ ሦስት ምዕራፍ አፍርሼ በወይራና በጥድ እንደገና ሠራሁ። የገጸ ባሕርይን ልብ መፍጠር መብታችን ነው፤ በዘመኑ ያልነበረ ዛፍ መትከል ግን አይደለም፤ አንባቢ በዛፉ ከዋሸነው በልቡም አያምነንም። ሰነድ ለማገላበጥ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ልመዱት።

ከሁሉ በፊት ግን ቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ። እኔ ያን የኅዳር ልብ ወለድ ስጀምር አያቴ ካረፈች ዓመታት አልፈው ነበር። በዚያ ወር ውኃ የቀዳችው ከየትኛው ምንጭ እንደሆነ፣ ማን አብሯት እንደነበረ አልጠየቅኋትም። በመጽሐፌ ውስጥ ያለው ምንጭ፣ ዳር ዳሩ የበቀለው ቄጤማም ጭምር፣ እኔ የፈጠርኩት ነው።