የአቢሲኒያው ታጋይ ማን ነበር?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ ሸዋበር አካባቢ የምኖር የታሪክ መምህር ነኝ። አሜሪካ የሚኖር ዘመዴ ከአንድ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ያገኘውን የትግል ማስታወቂያ ቅጂ ላከልኝ። ማስታወቂያው ሲሊ ሳማራ የተባለ ታጋይ ኢትዮጵያዊ እንደሆነና ቀደም ሲልም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘበኛ እንደነበረ ይገልጻል። ነገሩ ስለገረመኝ ልጆቻችን «ሬስሊንግ» ስለሚሉት ትግል ታሪክና ታጋዮቹ ስለሚይዙት ገጸ ባሕርይ አንድ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ተነሣሁ፤ ዳሩ ግን የማገኘው መረጃ ሁሉ እርስ በርሱ ይጣላብኛል። ሰውዬው በእርግጥ የእኛ ሰው ነበር? እንዲህ ያለውን ታሪክስ ከየት ጀምሮ ማጥናት ይሻላል?

መልስ፦ ባጭሩ ለመመለስ፣ አልነበረም። ሲሊ ሳማራ የመድረክ ስም ነው፤ የሰውዬው ትክክለኛ ስም ጆርጅ ሃርዲሰን ሲሆን፣ በጆርጂያ ግዛት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ከክብር ዘበኛ ጋር የሚያገናኘውም ማስታወቂያው ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የሄደው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ከእሱ ቀደም ብሎ ሬጂናልድ ሲኪ የተባለ ታጋይ «አቢሲኒያዊው» እየተባለ በአሜሪካና በአውሮፓ ይዞር ነበር፤ እሱም በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ሲቲ ከተማ የተወለደ ሬጂናልድ ቤሪ የሚባል ሰው ነው። የሲኪን ነገር ልብ ብለው እንዲያዩት የምፈልገው በሌላ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ጀርመን ውስጥ ተገኘና በባቫሪያ በሚገኝ ካምፕ ታሰረ፤ ናዚዎች ያሰሩት ግን አቢሲኒያዊ ብለው ሳይሆን የጠላት አገር ዜጋ፣ ማለትም አሜሪካዊ፣ በመሆኑ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ጋዜጣ ያላጣራውን ነገር ፓስፖርት በአንድ ቀን አጣርቶታል። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን ኢትዮጵያ ተመረጠች? (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የትግል አዘጋጆች ሕዝቡ ሰሞኑን ምን እያነበበ ነው ብለው የሚጠይቁ ነጋዴዎች ነበሩ። የ1930ው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል በአሜሪካ ጋዜጦችና በሲኒማ ቤቶች የዜና ፊልም ላይ በሰፊው ታይቷል። ከዚያም ጣልያን ወረረችን፤ ንጉሠ ነገሥቱም የጦር ሰፈራቸውን እርስዎ ወደሚኖሩበት ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ የውጭ አገር ዘጋቢዎች እዚያው ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከመትረየስ ጀርባ ሆነው የተነሡትም ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። በዚያ ሰሞን በአንድ የአሜሪካ የገጠር ከተማ ስለ አፍሪካ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ የአንድ አፍሪካዊ መሪ ስም ያውቅ ነበር። አዘጋጁ የሸጠውም ያንኑ ስም ነው። በበኩሌ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይታየኛል፦ ጥቁርና ነጭ በአንድ መድረክ መታገል በብዙ ቦታ ክልክል በነበረበት ዘመን፣ የጆርጂያ ጥቁር ከመሆን ይልቅ ከሩቅ አገር የመጣ የንጉሥ ዘበኛ መሆን የሚከፍተው በር ነበር። ስለዚህ ማስታወቂያው ስለ ኢትዮጵያ የሚነግረን ኢምንት ነው፤ ስለ አሜሪካ ተመልካች ግን ብዙ ይነግረናል።

ይህንን በእኛው ልማድ ላስረዳ። ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ነበሩ፤ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም «አባ ጠቅል»። የፈረስ ስም ባለቤቱን ያጎላዋል እንጂ አይደብቀውም፤ ፎካሪው «አባ እገሌ» ሲል አባቱም አገሩም ይታወቃሉ። የሬስሊንግ ሰዎች «ጊሚክ» የሚሉት ገጸ ባሕርይ ግን አዲስ አባትና አዲስ አገር ይሰጣል። ፉከራውና ሽለላው አለ፣ ማን አለብኝነቱም አለ፤ የሚፎክረው ግን የሌለ ሰው ነው። በነገራችን ላይ የእኛ ጎረቤቶችም አልቀሩላቸውም። «የሱዳኑ እብድ» እየተባለ ዓለምን ያስፈራው አብዱላ ዘ ቡቸር የካናዳ፣ የኦንታሪዮ ልጅ ነው። ፊቱን ተቀብቶ ጦር ይዞ ይወጣ የነበረው «የኡጋንዳው ግዙፍ» ካማላ ደግሞ ጄምስ ሃሪስ የሚባል የሚሲሲፒ ሰው ሲሆን፣ ገጸ ባሕርዩም በ1982 በሜምፊስ ከተማ የተፈጠረ ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበትን ሰው እንግሊዝኛ እንዳትናገር ብለው ከለከሉት። እንዲህ ሲባል ሁሉም ፈጠራ ነው ብለው እንዳይደመድሙ፦ አይረን ሺክ የተባለው ታጋይ በእርግጥም ኢራናዊ ነበር፤ በ1972 ለአሜሪካ የኦሎምፒክ ትግል ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ሆኖም ሠርቷል። በአንጻሩ ከእሱ ቀድሞ «ዘ ሺክ» ተብሎ የታወቀው ኤድ ፋርሃት ከሊባኖሳውያን ወላጆች በሚሺጋን ግዛት የተወለደ ነው።

ወደ ዋናው ታሪክ ስንመጣ፣ መነሻው የአሜሪካ ተዘዋዋሪ ትርዒት ነው። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ከከተማ ከተማ በሚዞሩ ድንኳኖች ውስጥ ታጋይ ይቆምና «እኔን የሚችል ይሸለማል» ይባል ነበር። የሙያውን ምሥጢር የሚደብቁበት ቋንቋ የወረሱትም ከዚያው ነው፤ የእኛ አዝማሪዎች ሌላው ሰው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ማለት ነው። «ኬይፌብ» የሚሉት ቃል የታቀደውን ነገር እንደ እውነት አድርጎ የመጠበቅ ግዴታን ያመለክታል፤ አስቀድሞ የተስማሙበትን ግጥሚያ «ዎርክ»፣ የምሩን «ሹት» ይሉታል። እነዚህን ሦስት ቃላት ሳያውቁ አንድም ሰነድ ማንበብ አይቻልም።

የምሩ ትግል ችግር ግን አሰልቺ መሆኑ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1908 ፍራንክ ጎች ጆርጅ ሃከንሽሚትን ቺካጎ ላይ ሲያሸንፍ ትግሉ ከሁለት ሰዓት በላይ ወስዷል፤ አብዛኛው ጊዜ ያለፈውም ቆመው በመያያዝ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የቆሙ ሁለት ወፋፍራም ሰዎችን ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ስንት ሰው አለ? በ1920ዎቹ ኤድ ሉዊስ የተባለው ሻምፒዮን፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሊ ሳንዳውና ቱትስ ሞንት ሆነው ነገሩን ለወጡት። የሰዓት ገደብ አበጁ፣ መወርወርና መዝለል ጨመሩ፣ ውጤቱንም አስቀድመው ወሰኑ። ዕቅድ ባለበት ደግሞ ክህደት አለ፦ በ1925 እነርሱው ሻምፒዮን ያደረጉትን ዌይን መን የተባለ የቀድሞ የአሜሪካ እግር ኳስ (ፉትቦል) ተጫዋች፣ ይሸነፋል ተብሎ የተከፈለው ስታኒስላውስ ዝቢሽኮ ፊላደልፊያ ላይ በምሩ ጥሎት ማዕረጉን ወሰደበት። መን እውነተኛ ታጋይ ስላልነበረ መከላከል አልቻለም። ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ቀን ወርቅ ነው፤ ዕቅዱ ሲበላሽ ሁሉም ተጣልቶ ያወራልና።

ገጸ ባሕርይ ግን እውነተኛ ዙፋኑን ያገኘው ከቴሌቪዥን ጋር ነው። ጆርጅ ዋግነር የሚባል መካከለኛ ታጋይ በ1940ዎቹ ጸጉሩን ወርቃማ ቀለም ተቀብቶና አስጠቅልሎ፣ የሚያብረቀርቅ ካባ ደርቦ «ጎርጀስ ጆርጅ» ሆነ። ከፊቱ አንድ አሽከር ይገባና መድረኩን ሽቶ ይረጭለታል፤ ዳኛው ሊፈትሸው ሲጠጋ እጅህን አንሣ ብሎ ይጮኻል። ሕዝቡ ይህን ሰው ሲደበደብ ለማየት ወረፋ ይይዝ ነበር። ቦክሰኛው መሐመድ ዓሊ በ1961 ላስ ቬጋስ ላይ አግኝቶት ጉራው ትኬት እንዴት እንደሚሸጥ ከእሱ መማሩን ራሱ ተናግሯል። በሜክሲኮ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ጠለቀ፤ ኤል ሳንቶ የተባለው ታጋይ በ1942 ያጠለቀውን የብር ጭምብል ዕድሜውን ሙሉ ለማለት ይቻላል በአደባባይ ሳያወልቅ ኖሮ፣ በ1984 ከነጭምብሉ ተቀበረ።

አሁን ወደ ሥራዎ። ሰነዶችን በሦስት ክምር እንዲለዩ እመክራለሁ። አንደኛው ከግጥሚያው በፊት የወጣ ማስታወቂያና ዜና ነው፤ ዘመድዎ የላከልዎ ቅጂ የሚመደበው እዚህ ሲሆን፣ ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው አዘጋጁ ራሱ ነው፤ ጋዜጣው እንዳለ ያትመዋል። ከእሱ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የትኬት ዋጋውን ይመኑት፤ የትውልድ አገሩን አይመኑት። ሁለተኛው ከግጥሚያው ማግሥት የወጣ ውጤት ነው፤ አንድን ሰው ከከተማ ከተማ ለመከተል ይጠቅማል፤ ሰውዬው ሌላ ቦታ በሌላ ስም እንደሚገኝ ግን አይዘንጉ። ሦስተኛው ትርዒት ለመሸጥ ያልተጻፈ ወረቀት ነው፦ የሕዝብ ቆጠራ፣ የጦር ምልመላ ካርድ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር ከ72 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ስለሚከፈት እስከ 1950 ያለውን ዛሬ ማየት ይቻላል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ብዙ አሮጌ ጋዜጦችን በኢንተርኔት በነጻ አቅርቧል። የሲኪን ፓስፖርት ያነሣሁት ለዚህ ነው።

አራተኛ ክምር ከፈለጉ የጃክ ፌፈር ወረቀቶች በኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ፌፈር ከፖላንድ የመጣ አዘጋጅ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ ከሸሪኮቹ ጋር ሲጣላ ምሥጢራቸውን ለአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ዘረገፈ። ታዋቂውን ቦቦ ብራዚልን ማስመጣት ሲያቅተው «ሆቦ ብራዚል» የሚል ሌላ ሰው ያስመጣ ነበር፤ የታወቀ ዕቃ ስም አንድ ፊደል ለውጦ እንደሚሸጥ ነጋዴ። የታጋዮችን የሽምግልና ትዝታ ግን በጥርጣሬ ያንብቡት፤ አርባ ዓመት የዋሸ ሰው ጡረታ ስለወጣ ብቻ ልማዱን አይተውም።

በጽሑፍዎ ውስጥ ሁልጊዜ ትክክለኛውን ስም አስቀድመው የመድረኩን ስም ያስከትሉ፦ ጆርጅ ሃርዲሰን፣ በመድረክ ስሙ ሲሊ ሳማራ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ተብሎ የቀረበ። «ተብሎ የቀረበ» የሚለውን ሐረግ አይሰልቹት።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ካለው ቪዲዮ ቤት እየገባሁ የሬስሊንግ ታጋዩን አንደርቴከርን ሳይ አባቴ «ይህ ሁሉ ውሸት ነው» ይሉኝ ነበር። አሁን ታናሽ ወንድሜ ተራውን ይዞ በዚሁ እየተጨቃጨቁ ነው። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ቪዲዮ ቤቶቹን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ በቆርቆሮው ስር ሙቀቱ፣ አግዳሚው ላይ መጨናነቁ፣ አንደርቴከር ከተዘረረበት ድንገት ቀና ብሎ ሲቀመጥ የሚነሣው ጩኸት። አባትዎ በውጤቱ ልክ ናቸው። አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ይህንንም ትልቁ የሬስሊንግ ድርጅት WWF (የዛሬው WWE) ራሱ በ1989 በኒው ጀርዚ ግዛት ምክር ቤት ፊት አምኗል። ያመነውም ለእውነት ተቆርቁሮ አይደለም፤ ስፖርት ተብሎ ከሚመጣበት ቁጥጥርና ግብር ለመዳን ነው።

ወንድምዎም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ የሰው ወገብ ሲወድቅ ተመካክሮ አይወድቅም። ጥቅምት 4 ቀን 1975 በሰሜን ካሮላይና ታጋዮችን የጫነች ትንሽ አውሮፕላን ወደቀች። ጆኒ ቫለንታይን ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ሪክ ፍሌር ወገቡ ተሰበረ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ቲም ዉድስ ነበር፤ እሱ በመድረክ ላይ ደግ፣ እነዚያ ክፉዎች በመሆናቸው አብረው መጓዛቸው ቢታወቅ ሁሉ ነገር ሊጋለጥ ነው። ስለዚህ ሆስፒታል ሲገባ የመድረክ ስሙን ትቶ የልደት ስሙን ሰጠ፣ ሙያውንም የግጥሚያ አዘጋጅ ነኝ አለ፤ ወሬው እንዳይጠናም ጀርባው ሳይድን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ መድረክ ተመለሰ።