ግፊቱ 190 ሆኖ መድኃኒቱን ለምን አስቆሙት?

እህቴ፣ «አባቴን ስትሮክ መቷቸው ተኝተዋል፣ ግፊታቸው 190 ነው፣ ሐኪሞቹ ግን የግፊት ክኒናቸውን አምሎዲፒኑን አስቆሟቸው፤ ደብቄ ልስጣቸው?» ላልሽው፣ በፈጠረሽ እንዳትሰጪ።

1. ሲቲ ስካኑ (የአንጎል ምስሉ) ምን አለ? አንጎል ውስጥ ደም ፈሶ ከሆነ የላይኛውን ቁጥር ቶሎ ወደ 140 አካባቢ ያወርዱታል። የደም ሥሩ ተዘግቶ ከሆነና የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ ካልተሰጣቸው ግን፣ ልብ ላይ ወይም ሌላ ቦታ አጣዳፊ ችግር ከሌለ፣ ከ220/120 እስካላለፈ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብዛኛውን ጊዜ አይነኩትም። መርፌውን ከወሰዱ ደግሞ ለ24 ሰዓት ከ180/105 በታች ይይዙታል። ስለዚህ ቸል ብለዋቸው ላይሆን ይችላል።

2. በተዘጋው ሥር ዙሪያ ገና ያልሞተ የአንጎል ክፍል አለ። ጤነኛ አንጎል ግፊት ሲወርድ ሥሮቹን አስፍቶ ደሙን ያብቃቃል፤ የተጎዳው ይህ አቅም የለውም፣ ግፊቱ የገፋለትን ያህል ብቻ ነው የሚያገኘው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የኖረ ሰው ይገባዋል፤ የውሃው ግፊት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው የእሱ ቧንቧ ነው። እናቴን ስትሮክ ሲመታት የወሰድናት ክሊኒክ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። 210 ሲያዩ ደነገጡ፤ ሲቲ ስካን የለ፣ ምን የለ፣ ግፊት በድንገት የሚያወርደውን ኒፌዲፒን ከምላሷ ሥር አደረጉላት። ወደ 120 ሲወርድ «ተስተካከለላት» ብለው ተደሰቱ። እየተኮላተፈችም ቢሆን ስታወራ የነበረችው እናቴ ግን ዝም አለች፣ እጇም ዛለ። ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም «እንዲህ ያወረደው ማነው?» ብላ ጮኸች። ሁሉም በዚያ መድኃኒት መጣ አልልም፤ በሽታውም ራሱ ይብሳል። ግን የሰጡትን በጽሑፍ ስጡኝ ብዬ ስመለስ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «ካርዱ የለም፣ ደግሞ ዕድሜያቸው ነው» አለችኝ። ዕድሜያቸው ነው! እስካሁን ያንገበግበኛል።

3. መዋጥ መቻላቸው ሳይፈተሽ ክኒንም ሆነ ውሃ አፋቸው ውስጥ አታድርጊ፣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ጨምቀው የሚመጡ ዘመዶችም አይጠፉም። እኔ አክስቴን በር ላይ ነው የመለስኳት፤ ተቀይማኛለች፣ ትቀየም።

ደግሞ አስቆሙት ማለት ለዘለዓለም አይደለም። ሲረጋጉ መልሰው ይጀምሩላቸዋል፣ ሳትጠይቂ ከሆስፒታል እንዳትወጪ፤ የትኛው ክኒን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ግፊቱስ ከስንት በታች እንዲሆን ነው የሚፈልጉት? ለእናቴ ከ130/80 በታች ብለውናል። የግፊት ክኒኖቿን፣ ኢናላፕሪሏንና ሃይድሮክሎሮታያዛይዷን፣ እኔ ነኝ የምሰጣት፣ ጠዋትና ማታ ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሐኪሟ ደብተሬን ለተማሪዎቹ አሳይቶታል፣ ይህንንስ ሳልናገር አላልፍም።

አሁን ነርሷን «ግፊቱ ስንት ሲደርስ ነው የምጠራሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። የሲቲውን ውጤት እዚህ ጻፊልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።