«ኦንቶሎጂ» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም፤ ስራው ግን አለ

የዛሬዋ ጠያቂ የጎንደር ልጅ ናት፤ አዘዞ ነው የምትኖረው። በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛለች። ቴሲሷን የሠራችው ሁለት የጤና ኦንቶሎጂዎችን (ለማሽን የተዘጋጁ የዕውቀት መዋቅሮችን) በማዛመድ ላይ ነው። ከተመረቀች ወዲህ የስራ ማስታወቂያ ስታገላብጥ «ኦንቶሎጂ» የምትል ቃል አንድም ቦታ አላየችም። አጎቷ ባንክ ጀማሪ ሠራተኛ ሊቀጥር ስለሆነ ተመዝገቢ እያሉ ይወተውቷታል። ጓደኞቿ ደግሞ «ይሄን ነገር ተይውና ዌብሳይት መሥራት ተማሪ» ይሏታል። «የተማርኩት ነገር እዚህ አገር ቦታ አለው? ወይስ ጊዜዬን አባከንኩ?» ብላ ጽፋልኛለች።

እህቴ፣ ጊዜሽን አላባከንሽም። ማስታወቂያውን የምትፈልጊው ግን በትምህርት ቤት ስሙ ነው። ቀጣሪ ስራውን የሚጠራው በራሱ ስም ነው። «ዳታ ማናጀር»፣ «ኤችኤምአይኤስ ኦፊሰር» (የጤና መረጃ ሥርዓት ሠራተኛ)፣ «ዳታ ኢንጂነር»፣ «ኢንተርኦፐረቢሊቲ ስፔሻሊስት» (ሲስተሞችን እርስ በርስ የሚያነጋግር ባለሙያ) የሚሉትን ክፈችና የስራ ዝርዝሩን እስከ ታች አንብቢው። «ከተለያዩ ሲስተሞች የሚመጣ መረጃን ማቀናጀት» የምትል መስመር ብዙ ጊዜ አትጠፋም። ያቺ መስመር ያንቺ ቴሲስ ናት። ብዙ አመልካች እሷን ዘልሎ «ኤክሴል እችላለሁ» ብሎ ነው የሚጽፈው።

ዘርፉን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። የሴማንቲክ ዌብ ሐሳብ በሰፊው የተሰማው ቲም በርነርስ-ሊ፣ ጄምስ ሄንድለርና ኦራ ላሲላ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ እሱ በጻፉ ጊዜ ነው። ኮምፒውተር አንድን ገጽ ከማሳየት አልፎ፣ ገጹ ስለ ምን እንደሚናገርም እንዲያውቅ ነበር ምኞታቸው። ለዚህ ደግሞ በአንድ ዘርፍ ውስጥ ምን ምን ነገር እንዳለ፣ አንዱ ከሌላው ጋር በምን እንደሚገናኝ ለማሽን በሚገባ መንገድ የሚገልጽ መዋቅር ያስፈልጋል። ኦንቶሎጂ የሚሉት ይህንን ነው። መጻፊያው ቋንቋ፣ «አውል» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ከዚያ ምን ሆነ? ሁሉም የየራሱን ሠራ። ሆስፒታሉ የራሱ፣ ላብራቶሪው የራሱ፣ ለጋሹ ድርጅት የራሱ። እነዚህን አስታርቆ አንድ ላይ የሚያነጋግር ሰው የተፈለገው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ እንምጣ። «ምንድነው የሠራሽው?» ሲሉሽ ስለ አልጎሪዝም አትጀምሪ። ወባን ውሰጂ። ደምቢያና መተማ ለሠራ የጤና ባለሙያ የወባ ሪፖርት ብርቁ አይደለም። አንዱ ሲስተም «ወባ» የሚል አንድ መሙያ ብቻ አለው እንበል። ሌላው «በላብራቶሪ የተረጋገጠ ወባ» እና «በምልክት ብቻ የታከመ ወባ» ብሎ ለይቶታል። ስማቸው ስለተመሳሰለ «ወባ»ን ከ«የተረጋገጠ ወባ» ጋር እኩል ብታደርጊው፣ በምልክት ብቻ የታከሙት በሙሉ ተመርምረው የተረጋገጡ ተብለው ይቆጠራሉ። ወረዳው መመርመሪያና መድኃኒት የሚጠይቀው በዚያ ቁጥር ነው። እዚህ ያለው ትክክለኛ ዝምድና አንዱ የሌላው ክፍል መሆኑ ነው። በተቃራኒው «ከ5 ዓመት በታች» እና «ከ0 እስከ 59 ወር» በፊደል ጨርሶ አይገናኙም፤ ግን አንድ ናቸው። ፊደል ብቻ የሚያወዳድር ፕሮግራም የመጀመሪያውን ያጣምራል፣ ሁለተኛውን ያልፈዋል። በሁለቱም ይሳሳታል።

የዘመን አቆጣጠሩንም አትርሺ። «የ2016 ዓመታዊ ሪፖርት» ሲባል በእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የውጭው ድርጅት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ሊጀምር ይችላል። ሁለቱን በዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ብቻ ያገናኘ ሰው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ያለውን ነገር አጣብቆ ያስረክባል። ይህንን በአምስት ደቂቃ ካስረዳሻቸው ስለ ዲግሪሽ ብዙም አይጠይቁሽም።

ጠያቂው የቴክኒክ ሰው ከሆነ ትንሽ ጥልቀት ጨምሪ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው፣ ስኮስ የተባለው የመዝገበ ቃላት መግለጫ ደረጃ «ፍጹም ተመሳሳይ» እና «ተቀራራቢ» የሚሉ ሁለት ዝምድናዎችን ይለያል። «ፍጹም ተመሳሳይ» ይወራረሳል፤ ሀ ከለ፣ ለ ከሐ ጋር ከተባለ፣ ሀ ከሐ ጋርም ይሆናል። ስለዚህ መሐል ላይ የገባች አንዲት ስህተት እስከ ጫፍ ትሄዳለች። «ተቀራራቢ» አይወራረስም። ስትጠራጠሪ «ተቀራራቢ» ብለሽ መተው ስንፍና አይደለም፤ የባለሙያ ጥንቃቄ ነው።

ብዛቱንም ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ፣ ኦኤኢአይ በሚል ምህጻር የሚታወቅ የኦንቶሎጂ ማዛመጃ ሶፍትዌሮች መፈተኛ መድረክ አለ። በአናቶሚ ዘርፉ 2,744 ክፍሎች ያሉት የአይጥ አካል ኦንቶሎጂ 3,304 ክፍሎች ካሉት የሰው አካል ኦንቶሎጂ ጋር ይዛመዳል። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ላወዳድር ካልሽ ከ9 ሚሊዮን በላይ ጥንድ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ተስፋ የሌላቸውን ጥንዶች መጣል፣ ከዚያ የቀሩትን በቃል፣ በመዋቅርና በሎጂክ መመዘን የግድ ነው። እንደ ሎግማፕ ያሉ መሣሪያዎች ደግሞ ከተጣመረ በኋላ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር መፈጠሩን አይተው ግጭቱን ያመጣውን ጥንድ ያፈርሳሉ። አንቺ ይህን ታውቂዋለሽ። የማያውቁት የሚቀጥሩሽ ሰዎች ናቸው።

ሲቪሽን አየሁት። የቴሲስሽ ርዕስ ሁለት መስመር ሙሉ ነው። የሰው ኃይል ክፍል ያለ ሰው ግማሹ ላይ ሳይደርስ ይተወዋል። በእሱ ፋንታ ይህን ጻፊ፦ «ሁለት የተለያዩ የጤና መረጃ መዝገበ ቃላትን በፓይተን አዛምጃለሁ፤ ውጤቱን በባለሙያ ከተረጋገጠ ናሙና ጋር አወዳድሬ ትክክለኛነቱን ለክቻለሁ።» ርዕሱ ትምህርት የሚለው ክፍል ውስጥ በትንሹ ይቀመጥ።

ቀጥሎ የሚታይ ስራ ያስፈልግሻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ የታካሚ መረጃ ጊትሃብ ላይ (ፕሮግራመሮች ስራቸውን ለሰው የሚያሳዩበት ድረ ገጽ ላይ) እንዳትጭኚ። ስም ብታጠፊም አትጭኚ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ከአዋጁ በፊት ደግሞ የሰው ገመና አለ።

ክፍት የሆነ፣ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ ዳታ ከተማሽ ውስጥ ሞልቷል። የጎንደርን ቦታዎች ከኦፕንስትሪትማፕ፣ ከዊኪዳታና ከጂኦኔምስ አውርጂ፤ ከዚያ የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ አዛምጂ። ቀላል እንዳይመስልሽ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ። በአማርኛውም «ሥላሴ»ና «ስላሴ»፣ «ጸሐይ»ና «ፀሀይ» ለፕሮግራሙ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አስቀድመሽ ወደ አንድ ካላመጣሻቸው ግማሹን ታጪዋለሽ። የባሰው ተቃራኒው ነው። አርባ አራቱ ታቦት በሚባልበት ከተማ ሚካኤል የሚባል ደብር አንድ ብቻ አይደለም። ስሙ አንድ ሆኖ ቦታው ሌላ ነው። ስለዚህ ርቀትንም መመዘኛ ታደርጊያለሽ። ከፕሮግራሙ ውጤት ውስጥ 200 ጥንድ በእጅሽ አጣሪ። ስንቱን ልክ እንዳገኘ፣ ስንቱን እንደሳተ፣ ለምን እንደሳተ በአንድ ገጽ ጻፊ። ያ አንድ ገጽ ከሰርተፍኬት ክምር ይበልጣል። የሳተባቸውን አትደብቂ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ጥሩ ወሬ የሚወጣው ከእነሱ ነው።

ምን ልማር ላልሽው፣ ኤስኪውኤል፣ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ። ኦንቶሎጂ መሥሪያውን ፕሮቴጌን ታውቂያለሽ፣ ደስ ይላል፤ ግን ቀጣሪሽ ዳታውን ያስቀመጠው ተራ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር። ጤና ሚኒስቴር ለመደበኛ ሪፖርት የሚጠቀመው እሱን ስለሆነ፣ ጎንደር ላይ ሆኖ ጤና ዘርፍ ለሚፈልግ ሰው አማራጭ የለውም። ነጻ የመለማመጃ ገጽ አለው፤ ኔትወርክ በሚሠራበት ሰዓት ግቢና ነካኪው።

«ኤአይ ይሄን ስራ አይወስደውም ወይ?» ላልሽው፣ የመጀመሪያውን ዙር እየወሰደ ነው። የቋንቋ ሞዴሎች ጥሩ ጥሩ ጥንድ ያቀርባሉ። ያቺን የወባ ጥንድ ግን በሙሉ እርግጠኝነት «እኩል ናቸው» ሊሉሽ ይችላሉ። ማጽደቁ የሰው ነው፣ ለዚያውም ዘርፉን የሚያውቅ ሰው። ስለዚህ ተጠቀሚበት፤ አትሽሺው።

ባንኩን በተመለከተ አጎትሽን አልቃወምም። ቤት ውስጥ ገንዘብ ከተፈለገ ተመዝገቢ። ባንክ ውስጥም ይኸው ችግር ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል፤ አንድ ደንበኛ በሦስት የስም አጻጻፍ ሦስት አካውንት ይዞ፣ አሁን ደግሞ አካውንቱ ከፋይዳ ቁጥር ጋር ይያያዝ እየተባለ። ከመስኮት ስራ ወደ ዳታ ክፍል በውስጥ ዝውውር መግባት ከውጭ ከመግባት ይቀላል። ዌብሳይት መሥራቱን ግን አልመክርሽም። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እዚያ ሰልፉ ረጅም ነው፣ አንቺም ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

ሦስተኛ ዲግሪ ካሰብሽ፣ የጠቀስኩልሽ የኦኤኢአይ መድረክ ውጤቱን የሚያቀርብበት ዓመታዊ ወርክሾፕ አለ፤ ከዓለም አቀፉ የሴማንቲክ ዌብ ጉባኤ ጋር አብሮ ይካሄዳል። ጽሑፎቹ በነጻ ይነበባሉ። የሁለት ዓመቱን አንብቢና ስማቸው የሚደጋገመውን ተመራማሪዎች ያዢ። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ «ስኮላርሺፕ አለዎት?» ብለሽ አትጀምሪ። የጎንደሩን ፕሮጀክት ሊንክ አስገቢና አንድ ጥያቄ ጠይቂ።

አማካሪሽን የድጋፍ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ጠይቂ። አስተማሪዎች ለትምህርት ይወጣሉ፣ ይዛወራሉ፤ በኋላ በስልክ ማሳደዱ ያሰለቻል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱንም ሬጅስትራር ሄደሽ አብረሽ ጨርሺው።