በስእለት ያገኘሁትን ሥራ ብለቅ መስቀሌን መጣል ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ ድርጅት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ሥራውን ያገኘሁት ብዙ ፈልጌ፣ በመጨረሻ ተስዬ ነው። ስእለቴንም አድርሻለሁ። አሁን አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለት ባልደረቦቼ ለቀው በምትካቸው ሰው አልተቀጠረም። የእነሱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ስልኬ እኩለ ሌሊትም ይጮኻል። እሑድ ሲመሽ ያቅለሸልሸኛል። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ የማስበው የወር መዝጊያ ሪፖርት ነው። መልቀቂያዬን ጽፌ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጫለሁ። በየማታው ከፍቼ አነበውና መልሼ እዘጋዋለሁ። ሱባዔም ይዤ ነበር፤ ምንም አልታየኝም። አንዲት እህት «እግዚአብሔር የሰጠሽን መስቀል ጥለሽ ልትሄጂ ነው?» ብላኝ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ቅዱስ ጴጥሮስም ለጠማማ ጌቶች ጭምር ተገዙ ይላል። ባለቤቴ የሚስማማ ስለማይመስለኝ እስካሁን አልነገርኩትም። ብለቅ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኃጢአት አይሆንብሽም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ እስከ መጨረሻው እየተጨነቅሽ እንዳታነቢ ብዬ ነው። መልቀቅ አለብሽ ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እሱን አንቺና ባለቤትሽ ትወስናላችሁ። እኔ የማግዝሽ በመንገዱ ላይ ነው። ስለ ጸሎቱና ስለ ጾሙ ምንም አልልሽም። ከደብዳቤሽ እንደማየው እሱን ደኅና አድርገሽ ይዘሻል።

እኔን ያስቆመኝ የዚያች እህት ንግግር ነው። ይህን አባባል ስንት ጊዜ ሰማሁት! ባሏ የሚደበድባት ሴት «መስቀሌ ነው» ትላለች። ታሞ ሐኪም ጋ የማይሄድ ሰው «መስቀሌ ነው» ይላል። ደመወዙ ወር አልፎ ወር ያልተከፈለውም እንዲሁ። የከበደን ነገር ሁሉ መስቀል ሆኖ ቀረ። ጌታ ግን ሲናገር «ሊከተለኝ የሚወድ ቢኖር» ብሎ ነው የጀመረው (ማቴ. 16፥24)። መውደድ አለበት። እሱን መከተልም አለበት። መሥሪያ ቤትሽ የሁለት ሰው ደመወዝ ለመቆጠብ ሲል የጫነብሽ ሥራ በምን ስሌት የክርስቶስ መስቀል ይሆናል? የሒሳብ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ፤ እስቲ አስቢው።

እዚህ ላይ «ስምዖን ቀሬናዊውስ ተገድዶ አይደል የተሸከመው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ አስገድደውታል። የተሸከመው ግን የጌታን መስቀል ነው። የወታደሮቹን ጓዝ ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ባልነበረ።

ይህን ስል የከበደ ሁሉ ይጣል ማለቴ እንዳይመስልሽ። ያው ያንቺ ሥራ ለሌላዋ መስቀል ሊሆን ይችላል። እናቷን የምታሳክም ልጅ አለች እንበል። ሌላ መተዳደሪያ እስክታገኝ ድረስ ስለ እናቷ ብላ ጥርሷን ነክሳ ብትቆይ፣ እያወቀች ወድዳ ተሸክማዋለች። እሷን እኔም «በርቺ» እላታለሁ። በአንቺ ደብዳቤ ውስጥ ግን ለምን እንደቆየሽ ስፈልግ ያገኘሁት ፍርሃት ብቻ ነው። ብለቅ እግዚአብሔር ይቀየመኛል የሚል ፍርሃት።

የፍርሃቱ ሥር ደግሞ ስእለቱ ይመስለኛል። ለምኜ ያገኘሁትን ብለቅ ስጦታውን ፊቱ ላይ መወርወር ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። እህቴ፣ ስእለትሽን ከፍለሻል። ዕዳ የለብሽም። «ጡረታ እስክወጣ ከዚያ ወንበር አልነሣም» ብለሽ አልተሳልሽም፣ አይደል?

ያዕቆብን አስቢው። ከወንድሙ ሸሽቶ ሲሄድ ቤቴል ላይ ተሳለ። የለመነውስ ምን ነበር? የሚበላው እንጀራና የሚለብሰው ልብስ (ዘፍ. 28፥20)። በእኛ አነጋገር መተዳደሪያ ስጠኝ ማለቱ ነው። አገኘም። የአጎቱ የላባ ቤት የልመናው መልስ ነበር። ሚስት ያገባው እዚያ ነው፣ ልጆች የወለደው እዚያ ነው፣ መንጋ ያፈራው እዚያ ነው። ላባ ግን ላባ ነው። ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋወጠበት። አውሬ የሰበረውን በግ ሳይቀር ያዕቆብ ከራሱ ይከፍል ነበር። ሃያ ዓመት ከሠራ በኋላ ምን አለ? «የቀን ሐሩር የሌሊት ቁር ይበላኝ ነበር፤ እንቅልፍም ከዓይኔ ጠፋ» (ዘፍ. 31፥40)። በሥራ ምክንያት እንቅልፍ በማጣት አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም።

አሁን ከዚያ ቤት ውጣ ያለው ማን እንደሆነ ተመልከቺ። «ለእኔ ስእለት የተሳልህበት የቤቴል አምላክ እኔ ነኝ» ይለዋል፤ ቀጥሎም ተነሥተህ ከዚህ አገር ውጣ (ዘፍ. 31፥13)። ስእለቱን የሰማው ራሱ ነው። ደግሞ ስእለቱን ጠቅሶለት ነው ውጣ የሚለው! ያ ቤት በጊዜው እውነተኛ ስጦታ ነበር። መውጣቱም ከዚያው እጅ መጣ። ለኤልያስም ውኃ የሚጠጣበትን ፈፋ የሰጠው እግዚአብሔር ነው። ፈፋው ሲደርቅ ግን ኤልያስ ደረቁን አሸዋ ታቅፎ አልተቀመጠም፤ ወደ ሰራፕታ ሂድ ተባለ (1ኛ ነገ. 17)። ስለዚህ ሥራውን ስላገኘሽ ያቀረብሽው ምስጋና ብትለቂም ምስጋና ነው። ማንም አይሰርዘውም።

የጴጥሮስን ቃል በአጭሩ ልለፈው። ጴጥሮስ የሚያናግረው በዚያ ዘመን በሰው ቤት የሚኖሩ አገልጋዮችን ነው፤ ብዙዎቹ ልውጣ ቢሉም መውጫ አልነበራቸውም። ጳውሎስ ለእንዲህ ያሉት ሲጽፍ፣ ነጻ ለመውጣት ከተቻለህ ነጻነቱን ተቀበል ይላል (1ኛ ቆሮ. 7፥21)። አንቺ የሥራ ውል ያለሽ ሠራተኛ ነሽ። ውሉ መግቢያ እንዳለው መውጫም አለው።

አሁን ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሱባዔ ያዝኩ፣ ምንም አልታየኝም ብለሻል። በተኛሽበት ሌሊት ስልክ ይጠራሻል፤ የበላሽው አይረጋም፤ በዚህ ላይ ጾም ጨመርሽ። ከዚያ ራእይ ጠበቅሽ። ልጄ፣ የደከመ አካል የሚያየው ብዙ ጊዜ የራሱን ጭንቀት ነው። ምንም አለማየትሽ እንዲያውም ጥሩ ነው። ዝም ተባልኩ ማለት ቆዪ ተባልኩ ማለት ነው የሚለውን ትርጉም ደግሞ ከየት አመጣሽው?

ኤልያስ ከዚያ ሁሉ የቀርሜሎስ ድል በኋላ ዛፍ ሥር ወድቆ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሏል (1ኛ ነገ. 19፥4)። እግዚአብሔር እምነትህ የት ሄደ አላለውም። ጸሎት ጨምርም አላለውም። እንቅልፍ ወሰደው። መልአኩ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ እንደገና ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና። እግዚአብሔር ኮሬብ ተራራ ላይ ያናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ምን እንደሚሠራ የነገረውም፣ ኤልሳዕን ረዳት አድርጎ የሰጠውም ያኔ ነው። አንቺ መጨረሻውን መጀመሪያ ፈለግሽ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ። ማቅለሽለሹንም እንቅልፉንም ሳትቀንሺ ንገሪያቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ያለ እንደሆነ ያሳያል። ይህ የእምነት ማነስ ጉዳይ አይደለም። የደም ሥር ጉዳይ ነው። ጾሙን እንዴት እንደምታደርጊው ለንስሐ አባትሽ የሐኪሙን ቃል ይዘሽ ንገሪያቸው፤ እሳቸው ያቀልሉልሻል። እንደ ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ከሆነ ደግሞ ሳምንት አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰውሽ ተናገሪ፣ ሐኪም ጋም ዛሬውኑ ሂጂ። የዓመት ፈቃድ ካለሽ ውሰጂ። ለሱባዔ ሳይሆን ለመተኛት።

ከዚያ ወደ ያዕቆብ እንመለስ፤ ገና አልጨረስነውም። ያዕቆብ ጥሎ ከመውጣቱ በፊት ስድስት ዓመት ቀድሞ «አሰናብተኝ» ብሎ ጠይቋል (ዘፍ. 30፥25)። ላባ ቆይ አለው፣ ደመወዝህን ንገረኝ አለው፣ ተደራደሩ፣ ቆየ። በደብዳቤሽ ውስጥ ለአለቃሽ ምን እንዳልሽ አንድ መስመር አላገኘሁም። በዝምታ መታገሥ ክርስትና ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሉኝታ ነው። ሙሴ እንኳ «ይህን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም» ብሎ ተናግሯል (ዘኍ. 11፥14)። የተሰጠው መልስ ሰባ ሽማግሌዎች ነው። የሰው ኃይል ጨመረለት ማለት ነው። አንቺም የምትሠሪውን ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሪ። የትኛው የራስሽ፣ የትኛው የለቀቁት ሰዎች እንደነበረ ለይተሽ ጻፊ። አለቃሽ ፊት አስቀምጪና «እነዚህን እችላለሁ፣ እነዚህን ማን ይሥራቸው?» በያቸው። ስልክሽንም ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማታነሺ ተናገሪ። ሊስተካከል ይችላል። ባይስተካከልም አውቀሽው ትወጫለሽ።

የተቀመጥክበትን ቦታ ቶሎ አትልቀቅ የሚለውን የአባ እንጦንስን ምክርም አልረሳሁትም። ትልቅ ምክር ነው። በየስድስት ወሩ መሥሪያ ቤት የሚቀያይር፣ አለቃ ሁሉ ክፉ የሚሆንበት ሰው ሲጠይቀኝ የምመልስለት ይህንኑ ነው። አምስት ዓመት ቆይታ፣ የሦስት ሰው ሥራ ይዛ፣ በየማታው መልቀቂያዋን እያነበበች የምትዘጋ ሴት ቶሎ ለቀቀች አትባልም። አንድ ነገር ብቻ ልለይ፦ ያልሆነውን ሆነ ብለሽ እንድትፈርሚ፣ የሐሰት ሪፖርት እንድታወጪ እየተጠየቅሽ ከሆነ፣ እሱ የጫና ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። አትፈርሚ፤ የሚመጣው ይምጣ።

ባለቤትሽን በግምት ፈርደሽበታል። ያዕቆብ ሚስቶቹን ልያንና ራሔልን ወደ ሜዳ ጠርቶ ሁሉን ነገራቸው፤ የላባን ፊት መለወጥም፣ ደመወዙንም፣ የእግዚአብሔርንም ቃል። እነሱም የታዘዝከውን አድርግ አሉት (ዘፍ. 31፥4-16)። ልጆቹ ነበሩ እንኳ የላባ! ባልሽ እኩለ ሌሊት ስልክሽ ሲጮኽ አጠገብሽ የተኛ ሰው ነው። አንቺ ካሰብሽው በላይ ሳያውቅ አልቀረም። ወጪያችሁን፣ ቁጠባችሁን፣ የእሱን ገቢ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ጻፉት። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ቤትን ባዶ ማድረግን ጳውሎስ እምነት አይለውም፤ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ይላል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። ሌላ ሥራ ለማግኘት ሦስት ወር መቆየት ካስፈለገ ቆዪ። ቀኑ የታወቀ ሦስት ወር ማብቂያው ከማይታወቅ ሦስት ወር በጣም ይቀላል።

ያዕቆብ ያበላሸውንም ልንገርሽ። ተደብቆ ወጣ። ላባ በሦስተኛው ቀን ሰማና ሰባት ቀን ተከታትሎ ደረሰበት። ድንኳኑ ሁሉ ተበረበረ። ያዕቆብ ግን እጁ ንጹሕ ስለነበር ቀና ብሎ «ከቤትህ ዕቃ ሁሉ ምን አገኘህ?» አለው (ዘፍ. 31፥37)። (ራሔል የአባቷን ጣዖታት ደብቃ ነበር፤ እሱ አያውቅም። የእሷን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ።) በመጨረሻ አብረው እንጀራ በልተው፣ ላባ ልጆቹን ስሞና መርቆ ተለያዩ። አንቺ መበርበሩን አትጠብቂ። ደብዳቤሽን በቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ በእጅሽ ስጪ። በሌሊት አትላኪው፤ በሌሊት የተጻፈ ቃል ምሬቱ ይበዛል። የማስጠንቀቂያ ጊዜሽን ሙሉውን ሥሪ። የወር መዝጊያውን ዝጊ፣ ሰነዱን አስረክቢ፣ ርክክቡን አስፈርሚ፣ ቅጂውን ያዢ። በየቢሮው እየዞርሽ አለቃሽን አትሚ። እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እዚያ ሲነገር ይወጣልሻል።

ከለቀቅሽ በኋላ ጥቂት ሳምንት መጸጸትሽ አይቀርም። ደመወዝ የሚገባበት ቀን ደርሶ ምንም ሳይገባ ሲቀር ሆድሽ ይባባል። እስራኤልም ከግብፅ ወጥተው ሽንኩርቱን ናፍቀዋል (ዘኍ. 11፥5)። ያን ዕለት «እግዚአብሔር ቀጣኝ» ብለሽ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ እንዳትጽፊልኝ! ከባለቤትሽ ጋር የጻፋችሁትን የወጪና የቁጠባ ወረቀት አውጥተሽ እዪው፤ ለስንት ወር እንደሚበቃችሁ እዚያ ላይ አለ።