መልስ፦ ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ላይ ግራፉ ለምን ይወርዳል?

ሰላም ወንድሜ፣ 4 ኪሎ ለምትሠሩት አሳይመንት የትራንዚሽን ሜታሎችን (በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ መሐል ያሉትን ብረታ ብረቶች) የትስስር ኃይል ስትስል ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ላይ ለምን እንደሚወርድ ጠይቀሃል። ግራፍህ ልክ ነው፣ እንዳትነካው።

በአንድ አቶም ቫናዲየም 5.31 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ክሮሚየም 4.10፣ ማንጋኒዝ 2.92 ነው፤ ብረት ላይ ተመልሶ 4.28 ይሆናል። የምትለካው ጠጣሩን ወደ ነጠላ አቶሞች ለመበተን የሚያስፈልገውን ኃይል መሆኑን ያዝ። ነጠላው የማንጋኒዝ አቶም (የክሮሚየምም እንዲሁ) አምስቱም የዲ ኤሌክትሮኖቹ (ዲ በሚባለው ንዑስ ሼል ያሉት) ስፒናቸው፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ፣ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ በጣም የተረጋጋ ነው። መድረሻው፣ ማለትም ነጠላው አቶም፣ በኃይል ዝቅ ስላለ ለመበተን የሚከፈለው ኃይልም ያንሳል። ብዙ ሰው ጠጣሩን ብቻ እያየ ነው የሚሳሳተው።

ወደ 5ዲ ረድፍ (ተንግስተን ወዳለበት፣ በሰንጠረዡ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ) ስትወርድ የዲ ኦርቢታሎች (ኤሌክትሮኖቹ የሚገኙባቸው ቦታዎች) ሰፊ ስለሆኑ ትስስሩ ይህን ውጤት ይበልጠዋል፤ ተንግስተን 8.90 ይደርሳል፣ የሚቀልጠውም በ3422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የቲግ ብየዳ (በጋዝ ተከልሎ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ብየዳ) ኤሌክትሮድ ከሱ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ዚንክ የዲ ሼሉ ሙሉ ስለሆነ 1.35 ብቻ ነው። በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ ብረት ግን ገና በ1538 ነው የሚቀልጠው። መርካቶ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ ነጭ ጭስ የሚወጣውና ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ መበየጃውን ቦታ በሁለቱም ወገን አስቀድሞ በግራይንደር መግፈፍ፣ የጭስ መከላከያ ማስክም ማድረግ ያስፈልጋል።

ሰንጠረዥህ በኪሎ ጁል በሞል ከሆነ በአንድ አቶም ወደ ኤሌክትሮን ቮልት ለመቀየር ለ96.5 አካፍል። የኒውክሊየስ ትስስር ኃይልን ግን እዚህ አታምጣ፣ ሌላ ጉዳይ ነው።