እንግዳ ላይ ለሚዘል ቡችላ

«በር በተከፈተ ቁጥር እንግዳ ላይ ይዘላል፣ የእናቴን ጓደኞች ነጠላ በጭቃ አበላሸ፣ ብቆጣውም አልተወም» ላልከው፦

ቁጣውን ተወው። ስትጮህበትም ሆነ በእጅህ ስትገፋው ለእሱ ጨዋታ ነው።

1. ሲዘል ጀርባህን ስጠው። እጅህን ሰብስብ፣ ዓይኑን አትይ፣ ቃል አትተንፍስ።
2. አራቱም እግሮቹ መሬት እንደነኩ ወዲያው «ጎሽ!» ብለህ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ሥጋ ስጠው። ከዘገየህ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። (የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን ስለሚሰነጠቅ አይሆንም።)
3. የበሩ መጥሪያ ሲሰማ መጀመሪያ በገመድ ያዘው፣ ከዚያ ክፈት። እንግዳው የሚጠጋው ቡችላው ሲቀመጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ጭራሽ ይብስበታል። አትደንግጥ፣ የለመደው ዘዴ አልሠራ ስላለው ነው።

ከልምዴ የማስጠነቅቅህ፣ ከቤት ሰው አንዱ ተደብቆ የሚያቅፈው ካለ ልፋትህ ሁሉ ገደል ገባ። እኛ ቤት ታናሽ ወንድሜ «ምን አለበት፣ ይጫወት» እያለ ደረቱ ላይ ያስወጣው ነበር፤ ውሻው ለእሱ የተፈቀደው ለቄሱም የተፈቀደ መስሎት ቀረ። እንግዲህ እንደምታውቀው ጎንደር ለጥምቀት እንግዳና ነጭ ልብስ በየግቢው ይሞላል። እስከዚያ ካልለመደ ያን ሰሞን ከጓሮ አታውጣው።